ቁልፉ መቀነቷ ላይ፣ ብሩ የት ገባ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት አንባቢ ስልክ ደወለችልኝ። "የአንገት ወርቄ ጠፋ። ቤት ውስጥ ከኔና ከባሌ ሌላ ያለችው ሠራተኛዋ ናት። ላባርራት ወይስ ላስይዛት?" ትላለች። ሁለት ምርጫ ብቻ! ሦስተኛ የለም። "እሷ ባትሆንስ?" ስላት "ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" ብላ ዘጋችብኝ።

እንግዲህ እኅቴ፣ ስልኩን ስለዘጋሽው መልሴን እዚህ ጋዜጣ ላይ አንብቢው። ረዘም ይላል፤ ቡናሽን አፍልተሽ ተቀመጪ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኔ የመርማሪ ልብ ወለድ ሱስ የያዘኝ ልጅ ነበርኩ። አጋታ ክሪስቲ የምትባለዋን እንግሊዛዊት ደራሲ ታውቋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1890 ተወልዳ በ1976 እስክትሞት ድረስ ሰው ስትገድል የኖረች ሴትዮ ናት፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በ1939 ባሳተመችው መጽሐፍ አሥር ሰዎችን አንድ ደሴት ላይ አስገብታ መውጫ ታሳጣቸዋለች። በ1964 ባወጣችው ደግሞ ሚስ ማርፕል የምትባል አሮጊት የወንድሟ ወይም የእኅቷ ልጅ ወጪዋን ችሎላት ወደ ካሪቢያን ደሴት ለዕረፍት ትሄዳለች። ሆቴሉ ውስጥ ሰው ይሞታል። ሴትዮዋ ፖሊስ አይደለች፣ ምን አይደለች፤ ቁጭ ብላ ሹራቧን እየሠራች የሰው ወሬ ስትሰማ ሰንብታ ገዳዩን ታወጣዋለች። እኔም በልቤ "ይሄማ የኔ ሥራ ነው" እል ነበር። አጋጣሚው መጣልኝ። መጣልኝና ጉድ ሠራኝ።

ጓደኛዬ (ስሟን አልጠቅስም፣ አሁንም እናወራለንና) "የዘንድሮን ፍልሰታ አክስቴ ጋ ሄደን እንፍታ፤ አየር ቀይሪ" አለችኝ። አክስቷ የምትኖረው ደቡብ ወሎ፣ አጅባር አቅራቢያ ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ ተጉዘን፣ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሰን፣ አቀስታን አልፈን መካነ ሰላም አደርን። በማግሥቱ ወደ ሳይንት አቀናን። መንገድ ላይ የደንቆሮን ጫካ አየሁት። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖርበት፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው እሱ ነው። ቀበሮ አላየሁም። ጭላዳ ግን አይቻለሁ፤ በዝናብ ውስጥ ጎፈሩን አርጥቦ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር።

ደሴት ሲባል ሐይቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳይንት በምዕራብ የአባይ ገደል፣ በሰሜን ምዕራብ የበሽሎ ገደል አለበት። ከላይ ደጋ ነው፤ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደታች ብታዩ ደመናው ከእግራችሁ በታች ነው። ክረምት ሲሆን መንገዱ ላይ ጅረት ይሞላል፣ ጭቃው መኪና ይውጣል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ መብራቱን ተከትሎ ኔትወርኩ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ደሴት ማለት ምንድን ነው? (ከዚያ ወዲህ አገሩ ጦርነትም አይቷል። እኔ የማወራችሁ የ2011ዱን ክረምት ነው።)

የደረስነው ነሐሴ 11 ነው። በ12 ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና መንገዱ ተቆረጠ። በቤቱ የነበርነው ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ቁጠሩን። አክስትየው፤ ባልየው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የአክስትየው እናት፣ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ስለሆኑ ሁሉም "እማሆይ" ነው የሚላቸው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃቸው፤ የአሥር ዓመት ሴት ልጃቸው፤ በአይሱዙ ስኳር ጭኖ መጥቶ ዝናብ ያገተው የባልየው የወንድም ልጅ፣ ሾፌሩ፤ እኔና ጓደኛዬ። ዘጠነኛዋ የጓሮዋን ክፍል የተከራየች ተማሪ ናት።

ስለዚች ልጅ ትንሽ ልበላችሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከገጠር መጥታ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሳለች። እዚያ አገር ብዙ ልጅ እንዲህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ከተማ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እያስመጣ ይማራል። እሷ የኪራይ ብር ስለሌላት በምትኩ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ቤት ትጠርጋለች። ትምህርት ተዘግቶም አገሯ አልገባችም። ለምን እንዳልገባች የነገረችኝ ጓደኛዬ ናት፤ ከገባች ለባል ሊሰጧት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

*

ቡሄ ነሐሴ 13 ደስ ብሎን ዋለ። ልጆች ጅራፍ አጮሁ፣ ሙልሙል ተበላ፣ ማታ ችቦው በዝናብ መሃል እየተጨናበሰ በራ። ልጅየው በዚያ ቀን ጥሩ ነበር። የሞተች ሬዲዮ ጠግኖ ዘፈን አሰማን፤ አዲስ የሚመስል ጃኬቱን አውልቆ ለጎረቤት ልጅ ሲሰጥ አይቼ "እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው!" ብያለሁ። (ይህቺን ያዙልኝ።)

በ14 ጠዋት አክስትየው ጮኸች።

የዕቁብ ብሯ ነው፤ ሠላሳ ሺህ ብር። ሁለት ዓመት የጣለችበት። ከፍልሰታ በኋላ ላም ሊገዛበት በፌስታል ተጠቅልሎ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። በ12 ማታ ጓደኛዬ ፊት ቆጥራዋለች። ቁልፉ መቀነቷ ላይ ታስሯል፤ ስትተኛም አይፈታም። ሳጥኑ አልተሰበረም፣ ጓጉንቸሩ እንዳለ ነው። ብሩ ግን የለም።

አሁን ልብ በሉ። ማንም ሳይናገር የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዞረ። ወደ ጓሮ። ልጅቷ ቂጣ እየጋገረች ነበር። "ትናንት መኝታ ቤቱን የጠረገው ማነው?" አለች አክስትየው። በቃ! ምርመራው አለቀ። ፍራሿ ተገለበጠ፣ ደብተሯ ተራገፈ፣ የስንቅ ከረጢቷ መሬት ላይ ተደፋ። የወጣው ጥቂት ሽሮና አንድ ትንሽ የማርያም ሥዕል ነው። አክስትየው ይሄኔ ይበልጥ ተናደደች፤ "ደብቃው ነው!" አለች። "ዝናቡ ያባራ እንጂ ለአባትሽ አስረክብሻለሁ።"

ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔን የገረመኝ እሱ ነው። "ለአባትሽ" የሚለውን ስትሰማ ብቻ እጇ ላይ ያለው ሊጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷ ያየችው ፖሊስ ጣቢያ አይደለም፤ ሠርጓን ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ጠንቋይ ቤት እንሂድ አለ። አንድ ሽማግሌ የሌባ ሻይን ነገር አነሡ። ለማታውቁት፣ ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በሻሽ አስረው ይለቁታል፤ ልጁ ናላው ዞሮ እየሮጠ፣ እየወደቀ እየተነሳ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው እንደተበላበት እግዜር ይወቀው። መምህሩ በዚህ ተቆጡ። "ከእሱስ አውጫጭኝ ይሻል ነበር" አሉ። አውጫጭኝ፣ አፈርሳታም ይባላል፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ይምላል፤ ያየ የሰማውን ያወጣል። በግልጽ መናገር የፈራ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ በስውር ሹክ ይላል፤ ይህ ሰው "ወፍ" ነው የሚባለው። "ወፍ ነገረኝ" ስንል እንውል የለ? አንድ ሰው በሆዱ የያዘውን ሳይጋለጥ የሚያወጣበት መላ ነው።

እኔ ግን ወፍ ሳይሆን ሚስ ማርፕል ለመሆን ተነሳሁ።

*

መጀመሪያ ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብኩት። ሁሉም ሰው ያየው ፊቱን ነው፤ ጓጉንቸሩን። ጀርባውን ያየ የለም። ከኋላ ሁለት ማጠፊያ አለው፤ እያንዳንዱ በአራት ብሎን የተያያዘ። በአንደኛው ማጠፊያ ላይ ሦስት ብሎን ብቻ አለ፤ የሦስቱም አናት ተቧጭሮ ያብረቀርቃል። ሌላው ዝጓል። ገባችሁ? ሌባው ቁልፍ አላስፈለገውም። ከኋላ ፈትቶ፣ ብሩን አውጥቶ፣ መልሶ አጥብቆታል። ቸኩሎ አንዷን ብሎን ጣላት።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም! ልጅቷ ካቻቢቴ ከየት ታመጣለች? ይህን ለባልና ሚስቱ ቀስ ብዬ ማሳየት ስችል ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ወደ ሾፌሩ ዞሬ "ጋሼ፣ መኪናህ ውስጥ ካቻቢቴ አለህ አይደል?" አልኩት። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ሰውየው ይደነግጣል፣ ፊቱ ይገረጣል…

ሾፌሩ አልገረጣም። ጉርሻውን አስቀመጠና "በአጎቴ ቤት ሌባ ተባልኩ?" ብሎ ተነሳ። በዚያ ዝናብ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሌሊቱን እዚያው ነው ያደረው። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ጓደኛዬ "ምን ነካሽ?" ብላ እግሬን ረገጠችኝ። እኔ እኮ ያደረግሁት አክስትየው ያደረገችውን ነው፤ እሷ መጥረጊያ አየች፣ እኔ ካቻቢቴ አየሁ። ልዩነታችን እኔ መጽሐፍ ማንበቤ ብቻ ነው።

በዚያ ማታ መብራት የለም። እሳት ዳር ተሰበሰብን፤ ማንም አያወራም። መምህሩ ዝምታውን ለመስበር ይመስለኛል የመቅደላን ነገር አነሡ። መቅደላ ጎረቤታችን ነው፤ ሳይንትን በሰሜን የሚያዋስነው ወረዳ በስሙ ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉበት አምባ። የእንግሊዝ ጦር ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን አራቁቶ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ እንደጫነው ተናገሩ። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ ከተማ፣ ጆን ማክለኪ የተባሉ ቄስ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ዕቃ ያገኛሉ። ሌላ ሰው ቢሆን የቆየ እንጨት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ታቦት መሆኑን ዐወቁ፤ ከመቅደላ የተወሰደ። በዓመቱ በ2002 ተመለሰ፤ አዲስ አበባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠፋ ዕቃ በቁም ሳጥን ውስጥ!

እማሆይ እስካሁን አልተናገሩም። ጥግ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ጥጡን ይስባሉ፣ እንዝርቱ ይዞራል፣ ይጠቀልላሉ። ይሄኔ ቀና ብለው "የወሰዱትስ ሰዎች አፍረው ነው ቁም ሳጥን የከተቱት?" አሉ። ማንም አልመለሰም። እሳቸውም መልስ የጠበቁ አይመስለኝም።

*

ሁሉም ሲተኛ እኔ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እማሆይ ጠሩኝ።

"ነይ ልጄ። ያንን ሾፌር ለምን አስቀየምሽው?"

የብሎኑን ነገር ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ "ካቻቢቴውን እኔም አይቸዋለሁ" አሉ። "ለቡሄ ሬዲዮ ሊጠግንበት የልጅ ልጄ ከሾፌሩ ተውሶታል። አንቺ ግን ዕቃውን ነው የጠየቅሽ። ብሩ ለማን እንዳስፈለገ አልጠየቅሽም።"

"ለማን ነው ያስፈለገው?"

እንዝርቱን አቆሙ። "ያ ልጅ ሦስት ሌሊት ሙሉ እግሬ ሥር እየተኛ 'እማሆይ መርቂኝ' ይለኛል። ታማሚ ይመረቃል፤ እሱ አልታመመም። ሙሽራ ይመረቃል፤ ሙሽራም አይደለም። ሌላ ምርቃት የሚለምን ማነው? መንገደኛ ነው። ጃኬቱን ሰጠ። ታናሽ እኅቱን ዓይኗን ማየት ፈራ። ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሊሄድብን ነው።"

ወደ የት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወሎ ተቀምጦ ይህን የሚጠይቅ የለም። በጅቡቲ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። ለደላላ የሚከፈለው ብር ከቤት ይወጣል፤ በምርቃት የወጣ አለ፣ በስርቆት የወጣ አለ። ባሕሩ ላይ የቀረውን ግን የቆጠረው የለም።

"እንግዲያው ለእናቱ እንንገራት! ልጅቷ ትዳን!" አልኩ።

"ብንነግራት ልጅቷ ትድናለች፤ እሱ ግን በዚሁ ሌሊት ይሄዳል። ሌባ የተባለ ልጅ ቤት አይቀመጥም። ሁለቱንም ነው የምፈልግ" አሉኝ።

እነሆ ሚስ ማርፕል! ሹራብ የለ፣ ካሪቢያን የለ። ጥጥ የሚፈትሉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ መነኩሲት።

በማግሥቱ በ15 ማታ፣ ጾሙ ሊፈታ ሌሊት ሲቀረው፣ ሁላችንንም አስጠሩን። ሾፌሩንም ራሳቸው መኪናው ድረስ በጃንጥላ ሄደው ለምነው አመጡት። "ይህ ቤት እንዲህ ሆኖ አይገደፍበትም" አሉ። ጓዳው ጨለማ ነው፤ መሃል ላይ ስፌድ አስቀምጠዋል። እያንዳንዳችን ከምድጃው አንድ እፍኝ አመድ ይዘን ነጠላ ተከናንበን አንድ በአንድ እንገባለን፤ አመዱን ስፌዱ ላይ አፍስሰን እንወጣለን። "የወሰደ ከአመዱ ጋር ያኑር። ማን ምን እንዳኖረ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያላኖረ ግን ከእኔ ጋር አብሮ ማዕድ አይቆርስም።"

መጀመሪያ አክስትየው ገባች። "እኔ የራሴን ብር ልሰርቅ ነው?" ብላ ነበር፤ እማሆይ ግን አላለፏትም። መምህሩ ገቡ። ሾፌሩ፣ ጓደኛዬ፣ እኔ። ትንሿ ልጅ እየፈራች። ልጅየው ሲገባ ወደ እሱ ላለማየት ምድጃው ላይ ዓይኔን ተከልኩ፤ ቆየ ወይስ አልቆየም አላውቅም፤ ልቤ ግን ይመታ ነበር። በመጨረሻ ተከራይዋ ልጅ ገባች። አመዱን በሁለት እጇ ነው የያዘችው።

እማሆይ ኩራዝ ይዘው ገቡ። አመዱን በእጃቸው በተኑት። ፌስታሉ ከሥር አለ።

አክስትየው ቆጠረች። ሃያ ስምንት ሺህ። "ሁለት ሺህ ይጎድላል!" ስትል እማሆይ "የጎደለው በእኔ ነው፤ በፈትሌ እከፍላለሁ" አሉና አስቆሟት። እኔና እሳቸው ብቻ ነን ያወቅነው፤ ሁለት ሺው ለደላላ የተሰጠ ቀብድ ነው።

*

ስልክ የዘጋሽብኝ እኅቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ወርቁን በመጨረሻ ያየሽው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ቤትሽ የገባውን ሁሉ ጻፊ፤ እንግዳውን፣ ዘመዱን፣ ባልሽን፣ ራስሽንም። የሳጥንሽን ጀርባ እዪ። ቤት ውስጥ ብር የቸገረው ማን እንደሆነ አስቢ። ሠራተኛዋን መጠየቅ ካለብሽ ሌላውን በጠየቅሽበት አነጋገር ጠይቂያት፤ ፍራሿን አታገላብጪ። እንደ እኔም በምሳ ሰዓት ሰው ፊት ካቻቢቴ አታውጪ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እሷ ሆና ብትገኝ ፖሊስ አለልሽ፤ መንገዱ አልተቆረጠብሽም።

የቀሩትስ ምን ሆኑ ብትሉኝ፣ በ16 ዶሮ ተሠራ፤ ሾፌሩ ጉርሻ አጎረሰኝ፣ ታረቅን። አክስትየው ተከራይዋን ልጅ ይቅርታ አልጠየቀቻትም። አዲስ ነጠላ ሰጠቻት። ልጅቷ ነጠላውን አጣጥፋ መደብ ላይ አስቀመጠችው። እንደሚመስለኝ አልለበሰችውም።

መስከረም ላይ ከሌሎች ሦስት ተማሪዎች ጋር ተዳብላ ሌላ ቤት ገባች። አክስትየው እስከዛሬ "ምን አጎደልኩባት?" ትላለች አሉ። ለጓደኛዬ ልጅቷ የነገረቻት ግን "የስንቄን ሽሮ መሬት ላይ ደፍተውታል" ብቻ ነው።

ልጅየው ዓመት ቆየ። በዓመቱ ለእናቱም ለአባቱም ነግሮ፣ አልቅሰው ሸኝተውት ሄደ። በ2014 መንግሥት ከሳዑዲ በአውሮፕላን ከመለሳቸው ብዙ ሺህ ልጆች አንዱ እሱ ነው። ሲመለስ እማሆይ ዐርፈው ቆዩት። እንዝርታቸውን እሱ ነው የወሰደው፤ ሞባይል በሚጠግንባት ሱቅ፣ ካቻቢቴዎቹ የተደረደሩበት ጣውላ ላይ ሰክቶት አይቻለሁ፤ ጓደኛዬ ፎቶውን ልካልኝ።